ሱቁ ከተከፈተ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የሚገኙ አምስት ድርጅቶች ሠራተኛ ለመቅጠር ተዘጋጅተው ነበር። ከእነሱ መካከል የጫማ ፋብሪካ፣ የልብስ ፋብሪካና የአበባ እርሻ ይገኙበታል። አመልካቹ ከሚፈለገው ቁጥር በላይ ሆነ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከድርጅቶቹ ጋር ተስማምተው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉትን አመልካቾች በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ያመለከቱበትን ሥራ አገኙ። ሁለተኛዎቹ ለጥቂት ቀናት የንግድ ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ 300 የአሜሪካ ዶላር ገደማ የሚሆን የማይመለስ ገንዘብ ተሰጣቸው። ሦስተኛዎቹ ምንም ሳያገኙ ኑሯቸውን እንደ ወትሮው ቀጠሉ።

ዓመት ሞልቶ ሲጠየቁ፣ ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ ሥራውን ትተው ወጥተው ነበር። ገቢያቸውም ምንም ካላገኙት አይሻልም። ገንዘቡን የወሰዱት ግን የራሳቸውን አነስተኛ ሥራ ጀምረው ገቢያቸውን በ33 በመቶ ከፍ አድርገዋል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለማንኛውም የሥራ ፈጠራ መድረክ የሚስማማ ምስክርነት በሆነ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ግን የሦስቱም ወገን ገቢ ተቀራርቦ፣ ልዩነቱ ጠፍቶ አገኙት።

ሥራ ፈጣሪ ለመሆን ምን ያስፈልጋል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ የሚፈለገው መነሻው ላይ ነው፦ ሐሳብ፣ ድፍረት፣ መነሻ ገንዘብ። ገንዘቡን የወሰዱት ወጣቶች ሦስቱንም ይዘው ነበር። ጀመሩ፣ አተረፉ፣ ለአንድ ዓመትም ከእኩዮቻቸው በለጡ። ያጡት ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ነው። በአገሪቱ ስለ ሥራ ፈጠራ ለዓመታት ሲነገር ትንሹ ቦታ የተሰጠውም ለዚሁ፣ ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ላለው ጊዜ ነው።

ይህ ሲባል ግን የሰው ጠባይ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ሕንድ ከተማ ካኪናዳ ሄዶ ነጋዴዎችን ሲያሠለጥን መነሻው አንድ እምነት ነበር፤ ለስኬት ያለ ጉጉት ሊለካም ሊሠለጥንም ይችላል የሚል። የእሱ ሥራ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ኢምፕሬቴክ ለተባለው ሥልጠና መሠረት ሆነ። ኢምፕሬቴክ እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመውና ዛሬ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ይዞት መጣ። ሠልጣኙ ራሱን በአሥር ባሕርያት ይመዝናል። ዕድልን መፈለግ፣ አለመታከት፣ መረጃ ማሰባሰብ፣ የገቡትን ቃል መጠበቅ ከአሥሩ ውስጥ ናቸው።

እንዲህ ያለው ሥልጠና ፍሬ እንዳለው ከሚያሳዩት ጥናቶች ጠንካራው የቶጎው ነው። በሎሜ ከተማ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ተመርጠው አንድ ሦስተኛዎቹ የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ትምህርት ተማሩ። ሌላው አንድ ሦስተኛ ከሌላው ቀድሞ መነሳትን፣ አዲስ ነገር መሞከርንና እንቅፋትን ማለፍን የሚያስተምር የሥነ ልቦና ሥልጠና ወሰደ። የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተተዉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ውጤት የሥነ ልቦናውን ሥልጠና የወሰዱት ትርፍ በ30 በመቶ አድጓል፤ የተለመደው ትምህርት ያመጣው ለውጥ ግን እርግጠኛ የሚባል አልነበረም።

ውጤቱ ሲጠቀስ አንድ ነገር ይዘለላል። የሎሜዎቹ 1,500 ሰዎች ሥልጠናው ሲደርሳቸው ሁሉም ነጋዴዎች ነበሩ። ደንበኛ ነበራቸው፣ ዕቃ የሚያመጡበትን ያውቁ ነበር፣ ዱቤ ሰጥተው ተክደውም ያውቃሉ። ሥልጠናው ያረፈው በተያዘ ሙያ ላይ ነው። የኢትዮጵያዎቹ አመልካቾች ግን ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ነበሩ፤ ያመለከቱትም ለደመወዝ ሥራ እንጂ ለንግድ አልነበረም። ሁለቱ ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲነበቡ የሚጋጩ አይመስሉም። ከሥልጠናና ከገንዘብ በፊት መምጣት ያለበትን ነገር ያመለክታሉ፤ ያም ሙያውን ከሌላ ሰው ሥር ሆኖ መማር ነው።

የአዲስ አበባ ጫማ ሠሪዎች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርመናውያን በከተማዋ የጫማ ፋብሪካዎች አቋቋሙ። እዚያ መቁረጥ፣ መስፋትና ሶል መምታት የተማሩት ሠራተኞች ውለው አድረው ወጥተው የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ የእነሱ ሠራተኞችም በተራቸው እንዲሁ። መርካቶና አካባቢዋ በጫማ ሠሪዎች የተሞሉት በዚህ ዓይነት መራባት ነው። ማንም ለማንም የሥራ ፈጠራ ሥልጠና አልሰጠም፤ ነገር ግን ከአንድ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀት ሙሉ ነበር። ቆዳ ከየት በስንት እንደሚገዛ፣ በየትኛው ወር ገበያው እንደሚደርቅ፣ የክፍለ ሀገር አከፋፋይ ለስንት ቀን ዱቤ እንደሚጠይቅ ሁሉ በውስጡ አለ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የቻይና ጫማ በርካሽ ዋጋ ገበያውን አጥለቀለቀው። ብዙዎች ዘጉ፣ ሠራተኛ በተኑ። የተረፉት ግን የመጣባቸውን ጫማ ፈትተው አጠኑት፤ ሶሉን ቀየሩ፣ ሞዴሉን አዘመኑ፣ ቆዳውን አሻሻሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም የአገር ውስጡን ገበያ መልሰው ያዙ። ዘርፉን የመረመሩ ምሁራን በዚህ መሻሻል ግንባር ቀደም የሆኑት ከሙያው ጋር የተሻለ የቀለም ትምህርት የነበራቸው ባለቤቶች መሆናቸውን አስተውለዋል። የእጅ ሙያው በገበያው ውስጥ አቆያቸው፤ ትምህርቱ ደግሞ የሥራ ዘዴያቸውን እንዲለውጡ ረዳቸው። ከዚህ የተሻለ የሥራ ፈጠራ ምሳሌ በአገሪቱ ለማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም በሽልማት መድረክ ላይ ስሙ ብዙም አይነሳም።

የመርካቶ ንግድም በዚሁ መንገድ ነው ያደገው። ከጉራጌና ከስልጤ ገጠር የመጣው ልጅ ሊስትሮ ሠርቶ፣ ተላላኪ ሆኖ፣ ከዘመድ ሱቅ ውስጥ አድሮ ዓመታት ይቆያል። ጠባዩ የታየለት ዕለት አሠሪው ዕቃ በዱቤ ይሰጠዋል፤ ሽጦ ሲከፍል ደግሞ ይጨመርለታል። ቀጥሎ ዕቁብ ይገባል። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለት እንኳ ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን አይነካውም፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ለዓመታት ሲገባ ሲወጣ ያየው ሰው ነው። ባንክ የሄደ ሰው ቤት እንደሚያስይዝ ሁሉ፣ እሱ እዚህ ስሙን ያስይዛል።

ዕቁብን ማወደስ ቀላል ነው፤ ይገባዋልም። ግን ወሰኑን መናገር ያስፈልጋል። ዕቁብ የሚያነሳው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚጥለው ያለውን ሰው ነው። ሽያጩ ገና ያልቆመለት ጀማሪ መግባት አይችልም። ዙሩም አጭር ስለሆነ ሸቀጥ ለመሙላት እንጂ ብዙ ዓመት ሠርቶ ዋጋውን የሚመልስ ማሽን ለመግዛት አይመችም። መርካቶ ብዙ ነጋዴ አፍርታ ከዚያው ነጋዴ መካከል ወደ አምራችነት የተሻገረው ጥቂት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት የፖለቲካ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና ታላላቅ ፋብሪካዎችን ከወረሰ በኋላ ለግል ባለሀብት ጣሪያ አበጀለት፦ ለኢንዱስትሪ 500,000 ብር፣ ለጅምላ ንግድ 300,000፣ ለችርቻሮ 200,000። አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ሥራ እንዳይዝም ተከለከለ። ቅይጥ ኢኮኖሚ በ1982 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ፣ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል፣ ያደገ ነጋዴ እድገቱን መደበቅ ነበረበት፤ ካልደበቀ በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠረጠራል። ልጆቹ ያዩት ትምህርት ትንሽ ሆኖ መኖር ደህንነት እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት በአንድ አዋጅ አይሻርም።

ከዚያ ጊዜ ወዲህ የወጣውን ሕግና ፖሊሲ መቁጠር ረጅም ነው። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ተፈቀደ፤ በ1988 የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ሕግ ወጣ፤ በ1990 የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ተነደፈ፤ በ2009 ደግሞ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። ብዙ ወጣት ተደራጀ። ይሁን እንጂ የመደራጀቱ ሥርዓት ራሱ ሁለት ደካማ ጎኖች ነበሩት። የማይተዋወቁ ወጣቶች ብድር ለማግኘት ሲሉ ብቻ በአንድ ማኅበር ስም ይፈርማሉ፤ ሼዱና ብድሩ ሲመጣ ሥራውን የሚያውቀው አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው ብድር ሲያልቅ ደግሞ ቀጣዩን የሚሰጥ የለም፤ ባንክ ቤት ሲኬድ የሚጠየቀው ቤት ነው።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ማስያዣ ማለት በአብዛኛው በመሬቱ ላይ የተሠራ ቤት ማለት ነው። ቤት የሌለው ጎበዝ ልብስ ሰፊ፣ ሃያ የስፌት ማሽን ቢኖረውም፣ ለባንኩ ባዶ እጁን እንደመጣ ይቆጠር ነበር። ሴቶች ላይ ሲደርስ ይብሳል፤ ቤቱ ቢኖርም ካርታው ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጣሪነት ልማት ፕሮጀክት ያነጣጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ከማይክሮ ፋይናንስ የቡድን ብድር በላይ ያደገች፣ ለባንክ ደግሞ ገና ትንሽ የሆነች ነጋዴ ላይ። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮ ፋይናንሶች እየተላለፈ ለሴቶች በየግላቸው በብድር ተሰጠ። ማስያዣ ለሌላቸውም ጠባይንና የመክፈል ፈቃደኝነትን የሚመዝን ፈተና ተሞከረ። መርካቶ በዋስ የምታደርገውን ምዘና ተቋም በወረቀት ለማድረግ ያደረገው ሙከራ ነው ማለት ይቻላል፤ ሊበረታታም ይገባዋል።

ሕጉም ዘግይቶ ተከትሏል። የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ ከብትን፣ በመጋዘን ያለን ሸቀጥ በማስያዣነት እንዲመዘገብ ፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም በር ከፈተ። ከ1952ቱ ሕግ ወዲህ ሁለተኛ አባል ለማሟላት ሲባል ወንድም፣ ሚስት ወይም አክስት ስማቸው ሲጻፍ ኖሯል፤ ንግዱ ሲያድግ ወይም ሲከስር ከዚያ ስም የተነሳው ክርክር ቤተሰብ ለያይቷል።

ዘመናዊ የሚባሉትን ስሞች ብንመለከትም ነገሩ ያው ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በአያቷ ግቢ ውስጥ፣ በአምስት ሠራተኛ ስትጀምር ከመኪና ጎማ ጫማ መሥራት አዲስ ግኝት አልነበረም፤ በረባሶን ገበሬውም ታጋዩም ለብዙ ዘመን ተጫምቶታል። ፈትልና ሽመናውም በሰፈሩ ነበር። ሒሳብ የተማረችው ወጣት የጨመረችው የውጭ ገዢን ነው፤ ለትልልቅ አከፋፋዮች በራሷ ጥረት እያቀረበች፣ ጥራቱንም በእነሱ ልክ እያስተካከለች። ራይድ የተባለው የታክሲ መጥሪያ ድርጅት መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩም የሌሎች አገሮችን አሠራር እንዳለ አልገለበጠችም። ተሳፋሪው ኢንተርኔት እንደሌለው አይታ በ8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ አደረገች፤ መተግበሪያው ለቻለ፣ ስልኩ ለሁሉም። ሁለቱም የሚያውቁትን ሰፈርና የሚያውቁትን ደንበኛ ይዘው ነው የተነሱት።

ይህ ሁሉ የተሟላለት ሰው እንኳ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ይገጥመዋል። በሐምሌ 2009 በቀን ገቢ ግምት የተጣለው ግብር የሒሳብ መዝገብ የሌላቸውን ትናንሽ ነጋዴዎች አስደነገጠ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ በአዲስ አበባም አቤቱታው በዛ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ በሚመጣ ማስቲሽና ሶል የሚሠራ ጫማ ሠሪ ያንኑ ያህል ጥንድ ለማምረት እጥፍ የሚጠጋ የሥራ ማስኬጃ አስፈለገው። የሸማቹ ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። የፖሊሲው ትክክለኛነት ሌላ ክርክር ነው፤ ለአምራቹ ያለው ጥያቄ ግን ልዩነቱን የሚሸፍን የአጭር ጊዜ ብድር በዚያ ወር ውስጥ ማግኘቱ ብቻ ነበር።

ታዲያ ሥራ ፈጣሪዎችን ለማብዛት የሚወጣው ገንዘብና ጉልበት በምን ይመዘን? እስካሁን በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ በብዛት የሚሰማው የተደራጁት፣ የሠለጠኑትና ሥራ የተፈጠረላቸው ሰዎች ቁጥር ነው። ሁሉም የመነሻ ቁጥሮች ናቸው። ሆኖም የአምስት ዓመቱን ለማወቅ አዲስ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ስለዚህ የየክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ ጥር ላይ ማን እንዳደሰ፣ ማን እንደመለሰ፣ ማንስ ድምፁን አጥፍቶ እንደቀረ መዝገቡ ላይ አለው። ያንን መዝገብ በወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ከተበደሩትና በኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩቱ ከሠለጠኑት ስም ጋር አስተያይቶ በየዓመቱ ይፋ ማድረግ ይቻላል፤ የትኛው ብድር፣ የትኛው ሥልጠና፣ የትኛው ሙያ አምስተኛ እድሳቱ ላይ እንደደረሰም ያን ጊዜ ይታያል።