ስለ ሰባራ ድልድይና ስለ እግረኛው መሻገሪያ

ዐባይ ከጣና ወጥቶ ቍልቍል ሲወርድ ጎጃምን ከቀድሞው በጌምድር ይለያል። በበጋ ውሃው ሲጐድል እግረኛ በመልካው ይሻገራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ስለሚሞላ፣ ድልድይ የሌለው አገር ከማዶ ገበያውም ከማዶ ዘመዱም ተለይቶ ይከርማል። ስለዚህ በሞጣ በኩል የሚገኘው የድንጋይ ድልድይ ለሁለቱ አገር ሰዎች ብዙ ዘመን መገናኛ ሆኖ ኖሯል። ያሠሩትም ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) መሆናቸው በትውፊት ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ዘመን፣ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር ሲሉ አንዱን ቅስት አፈረሱት። ሰባራ ድልድይ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ስብራቱ ሳይጠገን ብዙ ዓመት ቈየ፤ እግረኛው ግን መንገዱን አልተወም።

የመሻገሩም ሥርዐት እንዲህ ነበር። በስብራቱ ወዲህና ወዲያ ብርቱ ሰዎች ቆመው ገመድ ይዘረጋሉ። ተሻጋሪው ገመዱን በወገቡ ታጥቆ፣ በእጁም ጨብጦ ከውሃው በላይ ይንጠለጠላል፤ በማዶ ያሉት ሲስቡት በወዲህ ያሉት እያረገቡ ይለቁለታል። ሕይወቱ በገመዱና በሳቢዎቹ ክንድ ላይ የተጣለ ነበር። ጤነኛው እንዲህ ሆኖ ቢሻገርም፣ በቃሬዛ የተያዘ በሽተኛ ወይም የተጫነ አህያ በዚህ መንገድ ሊያልፍ አይችልም።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታትሞ ነበር። ፎቶግራፉን ያዩት አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ በ2002 ከረዳቶቻቸውና ከአገሬው ሰው ጋራ ሆነው ስብራቱን በብረት አገናኙት። ነገር ግን በ2005 የመጣ ጎርፍ የብረቱን መሻገሪያ ወሰደው። በ2009 ደግሞ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የድንጋይ ድልድይ እግሩን በውሃው ውስጥ ተክሎ ስለሚቆም ደራሽ ውሃ ይዞት የመጣው ግንድ ሁሉ ይመታዋል፤ የተንጠለጠለው ግን ሁለቱ ጫፎቹ በየዳርቻው ታስረው ጎርፉን ከበታቹ ያሳልፋል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ እግረኛ የሚሻገርበትን ስፍራ የሚመርጠው በድልድዩ መኖር ብቻ ሳይሆን በጉዳዩ መሆኑን ነው። እንግዲህ ድልድይ ለመሥራት የሚያስብ ሁሉ ስለ ድንጋዩና ስለ ብረቱ ከማሰቡ በፊት፣ ሰው በየት በኩልና ስለ ምን ጉዳይ እንደሚሻገር አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።