በግምት የጠፋ፣ በቆጠራ የዳነ እባብ



አንድ ቀን ከማታ ትምህርት ስንወጣ ከካቡ ሥር እባብ ብቅ አለ። ሁላችንም ዱላ አነሣን፤ እኔም አነሣሁ። አንድ አባት ግን «ቆይ ልጄ፣ ይህ እባብ ጎጂ መሆኑን በምን አወቅህ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እባቡም ወደ ካቡ ገባ። ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

እባብ፣ እንሽላሊት፣ እስስት፣ አርጃኖ፣ ኤሊና አዞ ተሳቢ እንስሳት ይባላሉ። ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከፀሐይ ነው። ጧት ጧት ድንጋይ ላይ ተዘርግተው የምናያቸው ለዚህ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ከ10,000 በላይ የተሳቢ እንስሳት ዓይነቶች ተመርምረው ነበር። ከአምስቱ አንዱ ሊጠፋ የተቃረበ ወይም አደጋ ላይ ያለ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ እንዴት ይድናሉ? በግምት ነው ወይስ በማስረጃ? የአንድ እባብ ታሪክ ይህን ያስረዳናል።

ግምት ያመጣው ጥፋት

ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ አንቲጓ የምትባል ደሴት አለች። ደሴት ማለት በጣና ሐይቅ ላይ እንዳሉት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ማለት ነው። በዚያ አገር ብቻ የሚገኝ አንድ እባብ አለ። መርዝ የለውም፤ ሰው አይጎዳም። ዋና ምግቡ እንሽላሊት ነው።

በአንቲጓ ሸንኮራ አገዳ በብዛት ይመረት ነበር። በመርከብ የመጣ አይጥ አገዳውን ፈጀው። የእርሻው ባለቤቶች ከዛሬ 130 ዓመት ገደማ በፊት አንድ መላ መቱ። በእኛ አገር ሙጭልጭላ ከሚባለው አውሬ ጋር የሚዛመድ እንስሳ ከውጭ አስመጥተው ለቀቁ። «አይጡን ይጨርስልናል» አሉ።

ግምቱ ጥሩ ይመስል ነበር። ነገር ግን አይጥ በብዛት የሚወጣው ማታ ነው፤ ያ እንስሳ ደግሞ የሚያድነው ቀን ነው። አይጡ አላለቀም። ያለቀው እባቡ ነው። የኛ አገር እባብ ከሙጭልጭላ ጋር አብሮ ስለኖረ ጠላቱን ያውቃል። የአንቲጓው እባብ ግን እንዲህ ያለ አውሬ አይቶ አያውቅም ነበር። በዋናው ደሴት ላይ ፈጽሞ ጠፋ። ብዙ ሰዎችም ዘሩ ጠፍቷል ብለው ደመደሙ።

ቆጠራው እንዴት ተደረገ?

ጥቂት እባቦች ግን 10 ሄክታር በማትሞላ፣ ግሬት በርድ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ተርፈው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ሊቆጥሯቸው ተነሡ። እባብ ግን እንደ በግ በረት አይገባም። ታዲያ እንዴት ይቆጠራል?

ዘዴው ይህ ነው። 20 እባብ ይዛችሁ ምልክት አድርጋችሁ ለቀቃችሁ እንበል። ሌላ ቀን ደግሞ 20 ያዛችሁ። ከነዚህ 10ሩ ምልክት ካላቸው፣ ከእባቦቹ ሁሉ ግማሹ ምልክት አለው ማለት ነው። ምልክት ያደረጋችሁት 20 ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 40 ይሆናል። ሁሉን ሳይዙ መቁጠር ይቻላል ማለት ነው።

በዚያች ደሴት የተገኘው ቁጥር 50 ገደማ ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት እነዚያ ብቻ ነበሩ! ተመራማሪዎቹ ገላቸውንም መረመሩ። የብዙዎቹ ጅራት ተነክሷል። የነከሰው አይጥ ነው። አይጡ የእባቡን እንቁላልም ይበላ ነበር። ያ ከውጭ የመጣው አውሬ ወደዚህች ደሴት አልደረሰም፤ እዚህ ጠላቱ አይጥ ነው።

ምክንያቱ ሲታወቅ መድኃኒቱም ታወቀ። በደሴቲቱ ላይ የአይጥ መርዝ ተዳርሶ ተቀመጠና አይጡ ጠፋ። ሰዎቹ ግን «ሠራን» ብለው አልሄዱም። እንደገና ቆጠሩ። እባቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ያን ጊዜ ሥራቸው ትክክል መሆኑን አወቁ።

ሁሉም በአንድ ደሴት ላይ ከሆኑ አንድ ከባድ ማዕበል ሊጨርሳቸው ይችላል። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አይጥ ወደ ጸዳባቸው ሌሎች ትንንሽ ደሴቶች የተወሰኑ እባቦች ተወሰዱ። እዚያም ተቆጠሩ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ሆነ። አይጥ ዋና ስለሚችል ተመልሶ እንዳይመጣ ጥበቃ ያስፈልጋል።

እኛስ?

ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹም ሰዎች አይጥን ለማጥፋት ነበር የተነሡት፤ ኋለኞቹም እንዲሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሳይመረምሩ ለቀቁ። ኋለኞቹ ከሥራው በፊት ቆጠሩ፣ ምክንያቱን ፈለጉ፣ ከሥራው በኋላም ቆጠሩ።

በአገራችንም ሌላ የትም የማይገኙ ተሳቢ እንስሳት አሉ። በባሌ ተራራ የሚገኝ አንድ የእፉኝት ዓይነት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በሐረና ጫካ ስም ተሰይሟል። ተመራማሪዎች ያዩት እጅግ ጥቂቱን ነው። ጫካው ሲመነጠር ኑሮው ይጠፋል።

እኔ እባብ ያዙ ወይም ቅረቡ አልላችሁም። መርዘኛ አለ። ሰው ከተነደፈ ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፤ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነገር ግን ከሩቅ አይቶ መጻፍ ይቻላል። ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያያችሁትን እንስሳና የሚበላውን ጻፉ። ጫካ ሲመነጠር ወይም ካብ ሲፈርስ በፊትና በኋላ የታየውን አስተያዩ። አይጡ በዛ ወይስ አነሰ? ጎተራው ምን ሆነ? በስብሰባ ላይም ደብተራችሁን አንብቡ።

ፊደል ለይታችኋል፤ ቁጥርም ታውቃላችሁ። እንግዲህ «በምን አወቅህ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ እንደኔ መልስ አትጡ። ደብተራችሁን አሳዩ።