የተዘጋ በር፣ ያልተዘጋ ድንበር፦ በሞያሌ ስለ ትምህርት ቤትና ወረርሽኝ ተረትና እውነታ

ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ከምክሮች ሁሉ ቀድሞ የሚሰማውና ብዙም ሳይመረመር ተቀባይነት የሚያገኘው እምነት፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ልጅ ከበሽታው ይጠበቃል፣ የተቋረጠው ትምህርትም በኋላ ይካካሳል የሚለው ነው። እምነቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የጤና፣ ሌላው የትምህርት ነው። በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ በምትገኘው፣ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም በግምት 780 ኪሎ ሜትር በምትርቀው የድንበር ከተማ በሞያሌ ሁለቱም ክፍሎች በኮቪድ-19 ዘመን ተፈትነዋል፤ እምነቱን የሚያሠራጩት ሰዎች ግን የፈተናውን ውጤት እስካሁን ያዩት አይመስሉም።

ኬንያም ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን ታማሚ ይፋ ያደረጉት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የአገራቸው ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ፤ በማግስቱ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈች። ሰኔ 30 ቀን የኬንያ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ፕሮፌሰር ጆርጅ ማጎሃ የዓመቱ ትምህርት እንዳልነበረ እንደሚቆጠር አስታወቁ። ጥቅምት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. የአራተኛ ክፍል፣ የስምንተኛ ክፍልና የፎርም አራት ተማሪዎች ብቻ ተመለሱ፤ የቀሩት እስከ ታኅሣሥ 26 ቀን ጠበቁ። አብዛኛው የኬንያ ተማሪ፣ የሞያሌውም ጭምር፣ ከዘጠኝ ወር በላይ ከክፍል ውጭ ቆየ ማለት ነው።

የመጋቢቱን ውሳኔ በኋላ በተገኘ እውቀት መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ኢንፍሉዌንዛ በልጆች መካከል በፍጥነት እንደሚዛመት ለረጅም ጊዜ የታወቀ ስለነበር፣ አዲሱ በሽታም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነበር፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት አገር ደግሞ ልጁ ከክፍል ይዞት የሚመለሰው በሽታ አረጋዊውን ሊገድል እንደሚችል መፍራት ተገቢ ነው። ትምህርት ቤት መዝጋት ብቻውን የበሽታውን ሥርጭት ምን ያህል እንደቀነሰ እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ ምክንያቱም በብዙ አገሮች ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ እምነትና ትራንስፖርት በአንድ ሰሞን ስለተገደቡ የአንዱን ውጤት ከሌላው ለይቶ መለካት አስቸጋሪ ነው። የጥቂት ሳምንታት መዘጋት እንግዲህ ሊታገሡት የሚገባ ጥንቃቄ ነበር። ሊታገሡት የማይገባው፣ ሌሎች ነገሮች ሁሉ ቀስ በቀስ እየተከፈቱ ትምህርት ቤቱ ብቻ በሰባተኛውም በስምንተኛውም ወር ተዘግቶ ሲቆይ፣ ይህ የሚደረገው ለልጁ ደኅንነት ነው እየተባለ መነገሩ ነው።

ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጁ ቤት አልተቀመጠም። ሞያሌ በካርታ ሁለት፣ በኑሮ አንድ ከተማ ናት፤ ቦረና፣ ጋብራ፣ ገሪ፣ ቡርጂና ሳኩዬ በሁለቱም ወገን ዘመድ አላቸው፣ ገበያውም ሸማቹም ማዶና ማዶ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የየብስ ድንበሮቹ እንዲዘጉ ቢወስንም ጭነት መኪኖች ማለፋቸውን አላቆሙም፤ በእግር መንገድ የሚሻገረውን ሰው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ማስቆም የቻለ ኃይል በዚህ አካባቢ ታሪክ አልታየም። ከክፍል የወጣ ልጅ ከእናቱ ጋር ጉሊት ይቀመጣል፣ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ሰው ያመላልሳል፣ አለዚያም ቤተሰቡ ወደ ፎራ፣ ማለትም ከመኖሪያው መንደር ርቆ ወደሚገኘው የከብትና የግመል መጠበቂያ ሠፈር ይልከዋል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ከሰው ጋር ይገናኛል። ልዩነቱ፣ በክፍል ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ በስም መዝገብ ይታወቃል፣ ያመመውን ለይቶ ወደ ቤቱ የሚመልስ አዋቂ አለ፤ በገበያ ግን ይህ ሁሉ የለም። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሁለቱ አገሮች የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሥራ በአንድ ግቢ የሚከናወንበትን የሞያሌ የጋራ ድንበር ኬላ በይፋ መርቀው ሲከፍቱ፣ በኬንያ በኩል የአምስተኛ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ገና ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም ነበር። ንግድ የአደጋው ልክ ተመዝኖ ተፈቀደለት፤ ትምህርት ግን ለአብዛኛው ተማሪ ዘጠኝ ወር ተዘግቶ ቆየ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በልጃገረዶች ላይ ደረሰ። በናይሮቢ፣ በኪሊፊ፣ በኪሱሙና ከማርሳቢት ጋር በምትዋሰነው በዋጂር የተካሄደ ጥናት፣ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 እንደገና ሲከፈቱ በጥናቱ ከታቀፉት ተማሪዎች መካከል 16 በመቶ ልጃገረዶችና 8 በመቶ ወንዶች እንዳልተመለሱ አሳይቷል። በምዕራብ ኬንያ በሲያያ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በመዘጋቱ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ይጨርሱ የነበሩ ልጃገረዶችን ከዚያ በፊት ከነበሩት ጋር አነጻጽሮ፣ ከመመረቅ በፊት የማርገዝ ዕድላቸው በእጥፍ፣ ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ከትምህርት የራቀችን ልጅ የሚያሰጓት ያለ ዕድሜ ጋብቻና የሴት ልጅ ግርዛት በኬንያ በሕግ የተከለከሉ ናቸው፤ ግርዛትን የሚከለክለው ሕግ እ.ኤ.አ. የ2011፣ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው ደግሞ የ2014 ነው። ሕጉ በድንበር ከተማ ሊሠራ የሚችለው ግን የልጅቷን መቅረት በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተውል ሰው ሲኖር ነው፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መምህሯ ነው። የተዘጋው በር ይህንን ምስክር ከልጅቷ ሕይወት አስወጣው።

«ይካካሳል» የሚለው ሁለተኛው ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ ዋስትና የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ፓኪስታን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤቶችን በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ዘግቶ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ የተመረመሩት የአካባቢው ልጆች ከሌሎቹ ወደ ኋላ የቀሩት ግን በ14 ሳምንት ሳይሆን በአንድ ዓመት ተኩል ትምህርት ያህል ነበር። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አሳማኙ ቀላል ነው፤ መምህሩ ሲመለስ የሚያስተምረው የክፍሉን መጽሐፍ እንጂ ልጁ ካቆመበት ቦታ ስላልሆነ፣ ክፍተቱ ከመጥበብ ይልቅ በየዓመቱ ይሰፋል። ኬንያም የባከነውን ዓመት ለመመለስ የትምህርት ወቅቶቹን አሳጥራ፣ ዕረፍቶቹን ቆርጣ እስከ ጥር 2015 ዓ.ም. ድረስ በጥድፊያ ካላንደር ተጓዘች፤ ካላንደሩ ተስተካከለ፣ ያልተማሩት ሒሳብና ንባብ ግን በካላንደር አይመለስም።

በራዲዮና በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት የጠፋውን ተክቷል የሚሉ አሉ። የኬንያ የሥርዓተ ትምህርት ተቋም ትምህርቱን በአየር ላይ ማዋሉ የሚመሰገን ጥረት ነበር፤ ይሁን እንጂ መብራት በሌለበት መንደር፣ ከቤቱ ርቆ ፎራ ለወረደ ልጅ፣ በማይናገረው ቋንቋ የሚተላለፍ ትምህርት ጥያቄ የሚጠየቅበትን መምህር አይተካም። ምሳውንም አይተካም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ለኬንያ መንግሥት ያስረከበው የደረቃማ አካባቢዎች የትምህርት ቤት ምገባ ለብዙ ልጆች በቀን ውስጥ አስተማማኙ ማዕድ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በተከፈቱበት ሰሞን ደግሞ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የዘለቀው ድርቅ ጀምሮ ስለነበር፣ በሽታውና ረሀቡ ተገጣጠሙ።

ትምህርት ቤትን ክፍት አድርጎ ልጆችን ከወረርሽኝ መጠበቅ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በበሽታው መተላለፊያ መንገድ ላይ ይመሠረታል። ኮቪድ-19ን የሚያመጣው ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው ሰው ሲተነፍስ፣ ሲናገርና ሲስል በሚለቃቸው ጠብታዎች ነው፤ ከእነዚህ መካከል ኤሮሶል የሚባሉት እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንሳፈው ይቆያሉ። ስለዚህ ከጠረጴዛ ገጽ ይልቅ የክፍሉ አየር ዋና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ባወጣው መመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው በሰከንድ ቢያንስ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። ይህ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በስምንት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ፣ በማሽን አየር በሚለወጥባቸው ዘመናዊ ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ከሁሉ የተሻሉት ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ። በሞያሌ አካባቢ ነፋስ አይጠፋም፤ ችግሩ ነፋሱ አቧራ ስለሚያመጣ መስኮቱ መዘጋቱ ነው። ለዚህም፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ያለውን መስኮትና በሩን ሁልጊዜ ክፍት ማድረግ፣ በየክፍለ ጊዜው መካከል ደግሞ ልጆቹን አስወጥቶ ሁሉንም መክፈት ይቻላል። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ግራር ጥላ ሥር ማስተማር ለድህነት ማስታወሻ ተደርጎ ይታያል እንጂ ከአየር ልውውጥ አንጻር ከየትኛውም ክፍል ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በአንድ ጊዜ የሚገቡትን ልጆች ቁጥር በፈረቃ መቀነስ፣ ሥርጭት በጨመረበት ሳምንት ጭምብል ማድረግ፣ ያመመው መምህር ደመወዙ ሳይነካ ቤቱ እንዲቀር መፍቀድ፣ አረጋውያንንና መምህራንን በክትባት ማስቀደም ነው። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም፤ ሲደራረቡ ግን አደጋውን ይቀንሳሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ጁን 2020 እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ትምህርት ቤቶቿን ሳትዘጋ ስትቆይ፣ ከአንድ እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ወደ 1.95 ሚሊዮን ልጆቿ መካከል በኮቪድ ምክንያት የጽኑ ሕክምና ክፍል የገቡት 15 ብቻ ነበሩ፤ የሞተ ልጅ አልነበረም። ስዊድን ሞያሌ አይደለችም፣ ክፍሎቿ ያን ያህል አይጨናነቁም፣ ሆስፒታሎቿም ሩቅ አይደሉም፤ ቁጥሩ የሚያሳየው በሽታው ለአብዛኛው ልጅ ከሚፈራው ያነሰ አደጋ እንደነበረው ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ «ልጅን አይነካም» ወደሚለው ተቃራኒ ስሕተት መውሰድ የለበትም። ልጆች ይያዛሉ፣ ያስተላልፋሉም፤ ጥቂቶቹ፣ በተለይም ሌላ ሕመም ያለባቸው፣ በብርቱ ይታመማሉ። የቆላ ሙቀት ቫይረሱን ይገድለዋል የሚለውም እንዲሁ መሠረት የለውም፤ ሙቀትና ፀሐይ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ የሚቆይበትን ጊዜ ቢያሳጥሩም፣ በአንድ ዴስክ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ልጆች ትንፋሽ የሚለዋወጡት በሰከንዶች ስለሆነ ፀሐዩ አይደርስላቸውም። ጭምብል የልጅን ኦክስጅን ያሳጣል የሚለው ሐሰት ነው፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ሕፃናት ጭምብልን አላስገደዱም።

ግቢን በኬሚካል መርጨትና ተማሪን በርጭት ዋሻ ማሳለፍ የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ የተቃወመው ተግባር ሲሆን፣ የልጆችን ዓይንና ሳንባ ከመጉዳት በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም፤ የሚገርመው ገንዘብ የለንም የሚል አስተዳደር ለርጭቱ ገንዘብ አያጣም። ጭስም ያው ነው። የኅዳር በሽታ የተባለውን የ1911 ዓ.ም. የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ተከትሎ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ግቢን ማጽዳቱ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን በሽታ አያባርርም። በትምህርት ቤት በር ላይ ግንባር የሚለካው ቴርሞሜትር ደግሞ፣ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ያህል አስቀድሞ ማስተላለፍ ስለሚችልና ምልክት የማያሳዩም ብዙዎች ስለሆኑ፣ የሚይዘው ጥቂቱን ነው፤ በፀሐይ ተጉዞ የመጣን ጤነኛ ልጅ ትኩሳት አለው ብሎ ሊመልስም ይችላል።

«በሽታው ከማዶ የመጣ ነው» የሚለው አባባል በሁለቱም ሞያሌዎች ይሰማል፤ ሁለቱም ስለሚሉት ብቻ ሊጠረጠር ይገባዋል። በሁለቱም አገሮች የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች የገቡት በአውሮፕላን ነው። ድንበር ተሻጋሪነቱ በእርግጥ የሚከብደው ለትምህርት አስተዳደሩ ነው፤ ኢትዮጵያ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ስትከፍት፣ ኬንያ በሦስት ክፍሎች ብቻ ስለጀመረች፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ውሳኔ ሥር ወደቁ። በሚቀጥለው ወረርሽኝ የሁለቱ ወገን የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች አስቀድመው ሊስማሙበት የሚገባው፣ መዝጋት የግድ ቢሆን እንኳ የመክፈቻው ቀንና መለኪያው በመዝጊያው ትእዛዝ ላይ አብሮ እንዲጻፍ ነው። ወረርሽኙ ኮሌራ ከሆነ ደግሞ መስኮት መክፈት ፋይዳ የለውም፤ የሚጠየቀው የታከመ የመጠጥ ውኃ፣ ሳሙናና የሚሠራ መጸዳጃ ቤት ሲሆን፣ እነዚህን ከመንደሩ ይልቅ በትምህርት ቤቱ ግቢ ማሟላት ይቀላል።