ሞቅ ያለ፣ ቅመም ቅመም የሚል፣ ጣፋጭነት ያልበዛበት የቫኒላ ሽቶ እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር፦ ለእኅቴ ሠርግ ስጦታ ልገዛ ወደ አንድ የሽቶ መደብር ገባሁ። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተኝ፤ “ቫኒላ ነው” አለኝ፤ ወደድሁትና ከፈልሁ። በሠርጉ ዕለት ግን በዳሱ ሙቀት ውስጥ ሽቶው የቀለጠ ከረሜላ መስሎ አፈነን። እኅቴ ከሰዓት በኋላ ታጥባ አስለቀቀችው። ገንዘቡም ስጦታውም ባከነ። ጥፋቱ የቫኒላው ሳይሆን የእኔ ጥድፊያ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” የሚለው ብሂል ለሽቶ ግዥም ይሠራል።

ቫኒላ ምንድን ነው?

ቫኒላ ከኦርኪድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ ሐረግ ነው። አበባው የሚፈካው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያች ቀን ካልተዳቀለ ይረግፋል። ተክሉ ወደ ሌሎች ሀገራት ከተወሰደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ፍሬ መስጠት ተስኖት ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 በሬዩኒየን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረው የ12 ዓመቱ ኤድሞን አልቢዩስ አበባውን በቀጭን ስንጥርና በአውራ ጣቱ የማዳቀል ዘዴ አገኘ። በዓለም ቀዳሚ አምራች የሆነችው የማዳጋስካር አርሶ አደሮች ዛሬም እያንዳንዱን አበባ በእጃቸው ያዳቅላሉ።

ፍሬው ለመድረስ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈልጋል። ሲቀጠፍም አረንጓዴና ጠረን አልባ ነው። በሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ ታፍኖ፣ ለሳምንታት ፀሐይ እየሞቀ ከደረቀና ለወራት ከተቀመጠ በኋላ ነው መዓዛው የሚወጣው። የቡናችን መዓዛ በመቆላት እንደሚወጣ ሁሉ የቫኒላም መዓዛ የሰው ድካም ውጤት ነው። በወጉ የተዘጋጀ የቫኒላ ፍሬ ከጣፋጭነቱ ጋር የእንጨት፣ የቆዳና የትንባሆ ቅጠል ጠረን አለው፤ ጥቂት ጭስ ጭስም ይላል።

ጣፋጭነቱ ከየት ይመጣል?

የቫኒላን መዓዛ በዋናነት የሚሰጠው ቫኒሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ከ1874 ጀምሮ በቤተ ሙከራ ሲዘጋጅ ቆይቷል። ኤቲል ቫኒሊን የሚባለው ሰው ሠራሽ ዘመዱ ደግሞ ከእርሱ በእጅጉ የበረታ ነው። አፍንጫን የሚያሰለቸው የከረሜላ ጠረን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ንጥረ ነገር ነው። ኤቲል ማልቶል ይባላል፤ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። “ኤንጅል” የተባለው ሽቶ በ1992 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ይህን መሰል የጣፋጭ ምግብ ጠረን ያላቸው ሽቶዎች በዝተዋል።

ስለዚህ ጣፋጭነት የማይወድ ሰው ቫኒላን መሸሽ አይኖርበትም። መጠየቅ ያለበት “ከቫኒላው ጋር ምን ተቀላቅሏል?” ብሎ ነው። በመግለጫው ላይ ካራሜል፣ ስኳር፣ ማር፣ ቸኮሌት ወይም ፕራሊን ከተዘረዘረ ሽቶው ወደ ጣፋጭነት ማድላቱን ይገምቱ። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሰንደል፣ ጥድ፣ ቆዳ፣ እጣን ወይም ከርቤ ከተጠቀሰ ደግሞ ቫኒላው ደረቅና ሞቅ ያለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቅመሙ ሙቀት ይሰጠዋል፤ እንጨቱና ሙጫው ጣፋጩን ይገታሉ።

የእጣን ድርሻ

ከእነዚህ መካከል ለእኛ ቅርብ የሆነው እጣን ነው። ከእጣን የሚወጣው ዘይት ሎሚና ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ደረቅ ጠረን ስላለው የቫኒላን ክብደት ያቀልላል። ሙጫውን ከሚሰጡት የዛፍ ዝርያዎች አንዱ በክልላችን ቆላማ አካባቢዎች፣ በመተማና በቋራ ይበቅላል። ይሁን እንጂ ዛፉ አደጋ ላይ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዚህ ዝርያ የእጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ቃጠሎና ልቅ ግጦሽ ችግኞችን ያጠፋሉ፤ ግንዱን ያለ ዕረፍት ማድማትም ዛፉን ያዳክማል። በከተማ በውድ የሚሸጠው መዓዛ መነሻው እንዲህ ያለ ዛፍ መሆኑን ገዥም አምራችም ቢያስበው መልካም ነው።

እንዴት ይሞከር?

ሽቶ ከቆዳ ላይ የሚተነው በደረጃ ነው። መጀመሪያ የሚሸተው፣ እንደ ሎሚ ያለው ቀላል ጠረን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ቫኒላ፣ እንጨትና ሙጫ ከባድ በመሆናቸው ጎልተው የሚወጡት ቆይተው ነው። በክዳኑ አሽትቶ የሚገዛ ሰው እንግዲህ ከሽቶው ጋር በቅጡ አልተዋወቀም ማለት ነው።

በመጀመሪያ በወረቀት ላይ አስነፍተው ይለዩ። የወደዱትን አንድ ወይም ሁለት ብቻ በተለያየ ክንድዎ ላይ ይሞክሩ፤ አንጓዎን አያፋትጉ። ከዚያ ከመደብሩ ወጥተው ጉዳይዎን ይፈጽሙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዴ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ያሽትቱ። ያን ጊዜም ካላሰለችዎት ይግዙት። ቡና በሚቆላበትና እጣን በሚጤስበት ቤት መሞከር ፍርድን ያዛባል፤ አፍንጫ ሲደክም ንጹሕ አየር ይበቃል።

የአየር ንብረትንም ያስቡ። ሙቀት ሽቶን በፍጥነት ስለሚያተንን በደብረ ብርሃን ብርድ ለስለስ ያለው ቫኒላ በመተማ ሐሩር ሊከብድ ይችላል። በቆላ አንድ ጊዜ መንፋት ይበቃል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከ1925 ጀምሮ የሚታወቀው የጌርላን “ሻሊማር” ቫኒላን ከጭስና ከቆዳ ጠረን ጋር ያጣምራል። የዲፕቲክ “ኦ ዱኤል” ቫኒላን ከቅመምና ከእጣን ጋር በማዋሐድ ደረቅ ያደርገዋል። የቶም ፎርድ “ቶባኮ ቫኒል” ትንባሆና ቅመም ቢኖረውም የደረቀ ፍራፍሬ ጠረኑ ጣፋጭነቱን ያጎላዋል። እነዚህ ውድ ናቸው፤ በስማቸው የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ምርትም ስለሚኖር ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰን ይጠራጠሩ። በአነስተኛ ዋጋ ከሚሸጡት መካከልም በዚሁ ዘዴ ጥሩ መምረጥ ይቻላል።

በመጨረሻም ቫኒሊን ከጊዜ ብዛት ይጠቁራል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቡናማ መሆኑ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። ነገር ግን በነጭ የሀገር ልብስና በነጠላ ላይ ቢነፉት እድፍ ሊተው ስለሚችል በቆዳዎ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት። ጠርሙሱንም ከፀሐይና ከሙቀት ያርቁት።

ለእኅቴ በኋላ ሌላ ገዛሁላት። ቅርንፉድና እጣን ያለበት ቫኒላ ነው፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ግማሽ ቀን በክንዴ ይዤው ዋልሁ።