ከጋዝ ውስጥ ምት እስከ ቁጥር፦ የጨረራ መለኪያ በጎንደር ከፍታ ላይ

ጨረራ አይታይም፤ አይሸትም፤ በእጅም አይዳሰስም። በ1954 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት በተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ የጤና ተቋም፣ የራጅ ባለሙያ ምን ያህል ጨረራ እንደሚያርፍበት የሚያውቀው መሣሪያ በሚያሳየው ቁጥር ብቻ ነው። በመሆኑም ያ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝና መቼ ሊያሳስት እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

በስፋት አገልግሎት ላይ ከሚውሉት መለኪያዎች መካከል ጋዝ የሞላባቸው ይገኙበታል። ጨረራ በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል፤ እነዚህም በኤሌክትሪክ ኃይል ተስበው ወደ አንድ ቀጭን ሽቦ ያመራሉ። ከጠፈር የሚመጣ አንድ ፈጣን ቅንጣት አንድ ሴንቲ ሜትር የአርጎን ጋዝ ሲያቋርጥ የሚያላቅቀው ወደ 100 የሚጠጉ ኤሌክትሮኖችን ነው። ይህ እጅግ አነስተኛ መጠን በመሆኑ፣ በሽቦው ዙሪያ ያለው ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖቹ በብዙ ሺህ እጥፍ እንዲባዙ ያደርጋል።

የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምት ግን ገና ቁጥር አይደለም። ከጎለበተ በኋላ ከተወሰነ ወለል በላይ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ቁመቱም በአጭር በአጭር ጊዜ ልዩነት እየተለካ ወደ ዲጂታል ይቀየራል። ባለ 12 ቢት መቀየሪያ እያንዳንዱን ልኬት ከ4,096 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ወለሉ ዝቅ ቢል የመሣሪያው የራሱ ረብሻ እንደ ጨረራ ይቆጠራል፤ ከፍ ቢል ደካማው ምት ይጠፋል።

ይህንን ሁሉ በሙከራ ብቻ ማስተካከል ውድና አዝጋሚ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች መሣሪያውን ከመሥራታቸው በፊት በኮምፒዩተር ያስመስሉታል። መነሻቸው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል (ሰርን) ከሆኑት ፕሮግራሞች መካከል ጂያንት-4 ቅንጣቱ በቁስ ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ፣ ጋርፊልድ ደግሞ ኤሌክትሮኖች በጋዝ ውስጥ የሚሆኑትን ያሰላሉ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ በመሆናቸው ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ላለው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ክፍት ናቸው። በስሌቱ መጨረሻ ረብሻው፣ ወለሉና የመቁጠሪያው ፍጥነት ይጨመራሉ። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ማስመሰሉ ከእውነተኛው መሣሪያ ይልቅ ያማረ ውጤት ይሰጣል።

ለአብነት የጋይገር መቁጠሪያ አንድ ምት ከሰጠ በኋላ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ሌላ እንደማይቆጥር እንውሰድ። በሰከንድ 1,000 ሲያሳይ ትክክለኛው 1,111 ገደማ ነው፤ 5,000 ሲያሳይ ግን 10,000 ነው። ጨረራው በበረታ መጠን መሣሪያው የሚደብቀው ይበዛል ማለት ነው። የራጅ መሣሪያ ደግሞ ጨረሩን በሰከንድ ክፋይ ውስጥ ስለሚለቅ ችግሩ ይጎላል።

በዚህ ምክንያት ለራጅ ክፍል የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ምትን ሳይሆን ጠቅላላውን የኤሌክትሪክ ክምችት የሚለካው አዮናይዜሽን ቻምበር ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለአየር ክፍት ናቸው፤ የከፍታ ጉዳይ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ በመለኪያው ውስጥ የሚላቀቁት ኤሌክትሮኖች በዚያው መጠን ያንሳሉ። ማስተካከያ ያልተደረገለት መሣሪያ ከትክክለኛው አንድ አምስተኛ ያህል አሳንሶ ያሳያል፤ በደባርቅ ጉድለቱ ከዚህም ይሰፋል። የታሸጉ መለኪያዎች ይህ ችግር የለባቸውም።

በአንጻሩ ከጠፈር የሚመጣው ጨረራ ከከፍታ ጋር ይጨምራል። ቪክቶር ሄስ ይህንን ያረጋገጠው በ1912 እ.ኤ.አ. ጋዝ የሞላባቸው መለኪያዎችን በፊኛ ይዞ ከ5,000 ሜትር በላይ በመውጣት ነው፤ የራስ ደጀን ጫፍም ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በመተማ ቆላ የተለካ የተፈጥሮ ጨረራ መጠን ለደባርቅ መነሻ ሊሆን አይችልም።

የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የጨረራ ምንጭን መጠቀም በፈቃድና በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። በደጋ አካባቢ የሚገኙ ተቋማት የመለኪያቸውን የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት ሲቀበሉ፣ ቁጥሩ ለየትኛው የአየር ግፊትና ሙቀት እንደሚሠራ፣ ማስተካከያውንም መሣሪያው በራሱ ያደርገው ወይም ለባለሙያው የተተወ መሆኑን ለይተው ሊጠይቁ ይገባል።