አዲስ ምግብ የሚፈተነው ረቡዕና ዓርብ ነው

ዓርብ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አራት የሥራ ባልደረቦች ለምሳ ወጡ እንበል፡፡ ቦሌ አካባቢ ሰሞኑን የተከፈተ ምግብ ቤት አለ፡፡ ሦስቱ ሊሞክሩት ጓጉተዋል፤ ደመወዝም ከወጣ ገና ሁለት ቀኑ ነው፡፡ አራተኛው ግን ዓርብን ይጾማል፡፡ «የጾም አላቸው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እርግጠኛ ሆኖ የሚመልስለት አይገኝም፡፡ አራቱም ተያይዘው ወደለመዱት የበየዓይነቱ ቤት ይሄዳሉ፡፡

አዲሱ ምግብ ቤት በዚያች ቅጽበት ያጣው አንድ ጾመኛ አይደለም፤ አራት ደንበኛ ነው፡፡ የምጣኔ ሀብት መማሪያ መጻሕፍት ሸማቹን ብቻውን ቆሞ የሚመርጥ ሰው አድርገው ይስሉታል፡፡ የአዲስ አበባ ተመጋቢ ግን በቡድን ይመጣል፣ ከአንድ ትሪ ይጎርሳል፣ ሒሳቡንም ብዙ ጊዜ አንዱ ይከፍላል፡፡ ስለዚህ የት እንደሚበላ የሚወስነው የብዙኃኑ ምኞት ሳይሆን ከመካከላቸው የማይበላው ነገር የበዛበት ሰው ነው፡፡ ገንዘቡን በምግብ ቤት ላይ ሊያፈስ የተነሳ ባለሀብት ከወንበሩና ከመብራቱ ጌጥ በፊት ይህን ሰው ሊያስብ ይገባዋል፡፡

እስቲ ቀኑ ይቆጠር፡፡ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐቢይ ጾም፣ ማለትም ሁዳዴ፣ 55 ቀን ነው፡፡ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ናቸው፡፡ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ከ40 ቀን በላይ ይዘልቃል፡፡ የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው አዋዋል አንዳንድ ዓመት ይረዝማል፣ አንዳንድ ዓመት ያጥራል፡፡ በዚህ ላይ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ አሉ፡፡ ሁሉንም የሚጾም ምእመን በዓመት ወደ 200 ለሚጠጉ ቀናት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም ማለት ነው፡፡ ከተሜው ሁሉ ይህን ያህል አጥባቂ አይደለም፡፡ ሁዳዴን፣ ፍልሰታንና ረቡዕ ዓርብን ብቻ የሚይዘውን ብንወስድ እንኳ ሒሳቡ 140 ቀን ገደማ፣ ማለትም ከዓመቱ 38 ከመቶ ያህሉ ይሆናል፡፡

ኪራይ ግን ጾም አያውቅም፡፡ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የመብራት ሒሳብና የባንክ ወለድም እንዲሁ፡፡

ወደ ከተማይቱ ገብተው ሥር የሰደዱትን የውጭ ምግቦች አንድ በአንድ ለተመለከተ ሰው ይኸው የጾም ጉዳይ ገዝፎ ይታየዋል፡፡ ፓስታ ይቀድማል፡፡ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ ሲያበቃ የጣሊያን ጦር ተሸንፎ ወጣ፤ ፓስታው ግን ቀረ፡፡ ደረቅ ፓስታ ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ የሚሠራ ነው፡፡ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በዘይት ሲሠራ ያለአንዳች ጭቅጭቅ የጾም ምግብ ይሆናል፡፡ በርበሬ ጣል ተደረገበት፣ እንጀራ ላይ ወጣ፣ በእጅ ተጠቅልሎ ተጎረሰ፤ ዛሬ የውጭ ምግብ መሆኑን የሚያስታውስ ተመጋቢ ጥቂት ነው፡፡ ላዛኛም ከዚያው አገር የመጣ ነው፡፡ ሥጋ፣ ወተትና አይብ ስላለበት ግን የካፌ ምግብ እንደሆነ ቀርቷል፤ የሠራተኛው የዘወትር ምሳ ለመሆን አልበቃም፡፡ ጣዕሙ አንሶ አይደለም፡፡

ፉልም ሌላው ምስክር ነው፡፡ በፍስክ ቀን እንቁላል ወይም እርጎ ተጨምሮበት «ስፔሻል» ተብሎ ይቀርባል፡፡ በጾም ቀን ያው ድስት፣ ያው ባቄላ፣ በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይወጣል፡፡ ባለቤቱ የሚቀንሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ አይዘጋም፣ አብሳዩም ሥራ አይፈታም፡፡ የምስር ሳምቡሳና ድንች በዳቦ የሆነው እርጥብ በየመንገዱ ዳር የሚሸጡትም ያለ ጾምና ያለ ፍስክ ነው፡፡

ፒዛ ከእነዚህ ይለያል፡፡ ፒዛ በአብዛኛው አይብ ያለበት ነው፡፡ የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ግን አይቡን አንስተው አትክልት ጨመሩበት፣ «የጾም ፒዛ» ብለው ሜኑ ላይ ጻፉት፣ ተሸጠም፡፡ ፒዛ ሀት በ2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ያገኘው ለብዙ ዓመታት ፒዛ ስትበላ የኖረች ከተማ ነበር፡፡ ለፒዛ መለመድ ከጾሙ ሌላ ሁለተኛ ምክንያት ያለም ይመስላል፤ ተቆራርጦ መካከል ላይ ይቀመጣል፣ በእጅ ይበላል፣ አንዱ ለሌላው ያቀብላል፡፡ ለእያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ ተከፋፍሎ የሚመጣ ምግብ ይህ ዕድል የለውም፡፡ ማኅበራዊ የሚባለው ትሪም እንዲሁ ነው፡፡ ማንም ሰው የማያውቀውን ወጥ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ባይወደው የሚከስረው ነገር የለም፤ ጎኑ ሌላ ወጥ አለ፡፡ አዲስ ነገር ለመሞከር ከዚህ የረከሰ ዋስትና አይገኝም፡፡

አሁን ወደ ዓሣ እንምጣ፤ የነጋዴው ዓይን ማረፍ ያለበት እዚህ ላይ ነውና፡፡

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፡፡ ብዙ የቤተ ክርስቲያን መምህራን አይበላም ብለው ያስተምራሉ፡፡ የከተማው ተመጋቢ ደግሞ በሁለት ተከፍሏል፡፡ ገበያው ግን ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል፡፡ ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ዋጋ ይወጣል፣ ዓሣ ቤቶችም ይሞላሉ፡፡ ምግብ ቤቶች ዓሣን ለማስለመድ የተጠቀሙበት ዘዴም የሚደነቅ ነው፡፡ አዲስ ስም አላወጡለትም፡፡ ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት፣ ዓሣ ዱለት እያሉ በሥጋው ስም ጠሩት፡፡ ደንበኛው የሚያውቀውን ስም ሲያይ ፍርሃቱ ይቀልለታል፡፡ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ጥሬ ዓሣ ሲባል መሸማቀቁ የሚያስገርም ነው፤ ይሁንና ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ከሐይቁ ገና የወጣውን ከቃሪያ ዳጣ ጋር ሲያቀርቡለት የሚቀምስ ብዙ ነው፡፡ የሚያቃጥለው ማጣፈጫ ከተገኘ ግማሹ መንገድ ተሄደ፡፡

ችግሩ አቅርቦቱ ላይ ነው፡፡ ሐይቅ ሁዳዴ ገባ ብሎ ምርቱን አይጨምርም፡፡ ቆሮሶው ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ከጣና፣ ነጭ ዓሣው ከጫሞ ይመጣል፡፡ አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በረዶው በመንገድ ላይ ከቀለጠ ሸክሙ ዋጋ የለውም፡፡ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ምእመን አይበላውም፡፡ ተገፎና ተቆርጦ ፊሌቶ ከሆነ በኋላ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን ለይቶ የሚያውቅ ደንበኛ ጥቂት ነው፡፡ ጠይቆ የተሰጠው መልስ ያላሳመነው ሰው ወደዚያ ቤት አይመለስም፤ ለጓደኞቹም ይናገራል፡፡ ስለዚህ ዓሣ ላይ የቆመ ምግብ ቤት ሀብቱ ማቀዝቀዣው ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በታማኝነት የሚያመጣለት አቅራቢም ነው፡፡ ይህን አቅራቢ የሚያገኘው ደግሞ ገበያው በቀዘቀዘበት በፍስኩ ወራት የገዛው ነው፡፡ በሁዳዴ ዋዜማ አቅራቢ ፍለጋ የሚወጣ ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል፡፡

የጾም ምግብ ጥቅም በጾመኛው ብቻ የሚያበቃም አይደለም፡፡ በዚህች ከተማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፡፡ አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ መርካቶ ውስጥ አንድ መጋዘን የሚጋሩ ሰዎች ሥጋ ቤት አብረው መግባት አይሆንላቸውም፡፡ በየዓይነቱ፣ ሽሮ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ዓሣም ቢሆን ግን ሁለቱንም ባንድ ጠረጴዛ ያስቀምጣል፡፡ ውል የሚፈራረሙ ነጋዴዎች ከሁለቱም ወገን ሲሆኑ ምሳው የት እንደሚበላ ለሚያስብ ደላላ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ጥሩ የጾም ሜኑ ያለው ቤት ሰኞና ማክሰኞም ቢሆን ይህን ገበያ ይወስዳል፡፡

ወጪ የለውም ማለት ግን አይደለም፡፡ ጾመኛው አስተናጋጁን «ዘይቱ ለብቻ ነው? መጥበሻውስ?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ መልሱ እውነት እንዲሆን ሁለት ዓይነት መጥበሻ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ከተቻለም ሌላ ምድጃ ያስፈልጋል፡፡ ጠባብ ኪችን ያለው ቤት ይህን ሲያደርግ ከመመገቢያው አንድ ጠረጴዛ ሊያነሳ ይችላል፡፡ ሰዓቱም ይለወጣል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ጾመኞች ስላሉ በሁዳዴ የ6 ሰዓቱ ግፊያ ይሳሳል፣ ከሰዓት በኋላው ይወፍራል፡፡ ሠራተኞቹን በ8 ሰዓት የሚበትን ቤት ይህን ገበያ በር ላይ ይመልሳል፡፡

ካፌዎች ከምግብ ቤቶች ቀድመው ነቅተዋል፡፡ ማኪያቶ በወተቱ ምክንያት ሲቀዘቅዝ ለውዝ ሻይ ቦታውን ይይዛል፤ ቡናና ሻይ ባንድ ብርጭቆ የሚቀርብበት ስፕሪስም አለ፡፡ የአቮካዶ ጁስ ደግሞ ጠጡት ከማለት በሉት ማለት ይቀላል፤ ለብዙ ወጣት ምሳ ነው፡፡ የጾም ኬክ ያልጋገረ ኬክ ቤት በሁዳዴ ባዶ መስታወት ያሳያል፡፡

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ደንበኛ የሚያባርር ሌላ ነገርም አለ፤ ሒሳቡ ነው፡፡ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 ከመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል፤ አንዳንዱ ቤት የአገልግሎት ክፍያም ይጨምርበታል፡፡ ሜኑው ላይ ታክሱን ሳይጨምር የጻፈ ቤት፣ ምግቡ ቢጣፍጥም፣ ጋባዡን በእንግዶቹ ፊት ኪሱን ሁለቴ ያስዳብሰዋል፡፡ ያ ሰው ሁለተኛ እንግዳ ይዞ አይመጣም፡፡

እንግዲህ ለገንዘብ አፍሳሹ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ቤቱን ሲገዛ ነው፡፡ «ከነሙሉ ዕቃው የሚተላለፍ ምግብ ቤት» የሚለው ማስታወቂያ የተለመደ ነው፡፡ ገዢው ግንቦት ላይ ሄዶ ያያል እንበል፡፡ ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም የማይጾምባቸው ናቸው፤ ጠረጴዛው ሞልቷል፣ የሽያጭ ደብተሩም ወፍሯል፡፡ ሻጩ አንድም ውሸት ሳይናገር ገዢው ይሳሳታል፡፡ ለምሳሌ ቤቱ በፍስክ ቀን 100 ሳህን፣ በጾም ቀን 40 ሳህን የሚሸጥ ቢሆን፣ በ140 የጾም ቀናት ሒሳብ የዓመቱ ሽያጭ 28,100 ሳህን ነው፡፡ የግንቦቱን አይቶ በ365 ያባዛው ግን 36,500 ብሎ ይጽፋል፡፡ በመካከሉ ያለው 23 ከመቶ ነው፡፡ ከምግብ ቤት ሥራ የተጣራ 23 ከመቶ ትርፍ የሚያገኝ ሰው ካለ ሌሎቹ ሊጎበኙት ይገባል፡፡

ስለዚህ ገዢ የመጋቢትን ደብተር ይጠይቅ፡፡ ፋሲካ ቢፈጥንም ቢዘገይም አብዛኛው መጋቢት ከሁዳዴ አያመልጥምና፡፡ ደብተሩ ጠፋ ከተባለም ሻጩን ሳይነግር አንድ ረቡዕ በ7 ሰዓት ገብቶ ምሳውን ይብላ፤ ሲበላም የተያዙትን ጠረጴዛዎች ሳይሆን ባንዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ይቁጠር፡፡