የጓሳው መክፈቻ ቀን

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረገ ተራራ ሦስት ክረምት ካለፈው በኋላ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው። ሣሩ ቁመት አውጥቷል፣ ጎርፉ ረግቧል፣ ፎቶውም ራሱ ይናገራል። በላስታ ደጋ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፌአለሁ፣ የሌሎችንም አንብቤአለሁ። በአብዛኞቹ ውስጥ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሣር መቼ፣ በማንና በምን ልክ እንደሚታጨድ አይጻፍም። እኔ ደግሞ የመከለል ሥራ የሚለካው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከላሊበላ በላይ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ከፍታው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። የገብሱ ማሳ ሲያልቅ አስታ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣርና ጅብራው ነው። ጭላዳው እዚያው ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ቀይ ቀበሮ ጓሳው ሥር የሚኖሩትን አይጦች ታድናለች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ ያሉት በዚህ ተራራ ነው። እንግዳ የሚመጣው ቀበሮዋን ሊያይ ነው። ገበሬው ግን ተራራውን የሚያውቀው በጓሳው ነው፤ ክዳን ይሆነዋል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል።

አንድ እግር ጓሳ ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው ላዩ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሥሩ ያለፉት ዓመታት ቢጫና ግራጫ ቅጠል ተደራርቦበት ያገኛል። አጫጁ በግራ እጁ ጭብጥ አድርጎ ይይዝና ማጭዱን ከሥሩ ከፍ አድርጎ ያስገባል፤ መሬት ላይ ከላጨው ግን እግሩ ይጎዳል። ዓመት በዓመት የሚታጨድና የሚጋጥ ጓሳ ቁመት አያወጣም። ለከብት ይሆናል እንጂ ለቤት ክዳን አይሆንም። ቤት ከዳኝ ሸክሙን ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው ርዝመቱን ነው፣ አጭሩን ወደ ጎን ይጥለዋል። ስለዚህ ጓሳን ለክዳን የሚፈልግ ሕዝብ ዓመታት መታገሥ አለበት፤ ታጋሹም አንድ ሰው ሳይሆን አገር ምድሩ መሆን አለበት፤ አንዱ ታግሦ ሌላው ካጨደው የታገሠው ይከስራል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት መንዞች ናቸው። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለመብቶቹ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበሩ፤ እነሱ የሚመርጡት አባ ቄራ ደግሞ ጓሳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጋው ነበር። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይነገራል፣ ሰው ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋ ነበር። ደንብ የጣሰ ሰው ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ነው። መሬቱ የሁሉ በሆነ ማግስት ሁሉም አጨደው። በኋላ ነዋሪው በአዲስ የአካባቢ ደንብ መልሶ አቋቋመው፣ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። አንድ ነገር አልደብቅም፤ የቀድሞው ቄሮ ፍትሐዊ አልነበረም፤ የአቅኚ ዘር ያልሆነ ሰው ከዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ያንን ዘር ቆጠራ ማንም አይናፍቀው። የመክፈቻ ቀኑ ግን ይናፈቃል።

ወደ ወሎ እንምጣ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ ተራራ ተከልሎ፣ ብዙ ችግኝ ተተክሎ ነበር። የአካባቢው ሰው ግን ከልካዩ እንጂ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በውል አልተነገረውም፤ ዛፉን «የመንግሥት» ይለው ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ ዛፉም አብሮ ወደቀ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን የሕዝቡ ድንቁርና አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ለዓመታት «አትንካ» ብቻ ሲባል የኖረ ሰው «አትንካ» የሚለው አካል ሲጠፋ መንካቱ ምን ይገርማል?

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስለ ባሕር ካነበብኩት ሁሉ ግን ከአእምሮዬ ያልጠፋው የቺሊ ድንጋያማ ዳርቻ ነው። እዚያ ያሉ ድሆች ባሕሩ ሸሸት ሲል ከአለቱ ላይ ዛጎል ለባሽ እንስሳትን ለቅመው ይበላሉ፣ ይሸጣሉም። በተለይ ሎኮ የሚባለው ትልቅ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላስ ክሩሴስ በሚባል ቦታ ጥቂት ዳርቻ አጥረው ለቃሚ እንዳይገባ አደረጉ። ሎኮው በዛ፣ አደገም። ከእሱ ጋር ግን ያልተጠበቀ ነገር መጣ፤ ሎኮው አለቱን እንደ ምንጣፍ አልብሰውት የነበሩትን ሙሰል የሚባሉ ጥቋቁር ዛጎል ለባሾች በልቶ ጨረሳቸው፣ በቦታቸውም ባርናክል የሚባሉት ነጫጭ ጥቃቅን ዛጎሎች ሰፈሩ። ሰው ከዳርቻው ሲወጣ ከሚለቀመው ዘር አልፎ የአለቱ መልክ ራሱ ተለወጠ ማለት ነው። ጓሳም እንደዚሁ ነው፤ ሲዘጋ ሣሩ ይበዛል፣ አይጡ መጠለያ ያገኛል፣ ቀበሮዋም ምግብ አታጣም። ከብቱ ግን ወዴት ሄደ? ወደ ጎረቤት ቀበሌ ግጦሽ ከሆነ የሄደው፣ እዚህ ያገገመውን እዚያ ከፍለንበታል። ሪፖርቱ አጥሩ ላይ ስለሚያበቃ ይህ አይታይም።

የቺሊ ታሪክ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ሎኮው እየተመናመነ ሲሄድ መንግሥት በ1989 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ሁሉ እንዳይለቀም ዘጋ። በድብቅ መልቀሙ ግን አልቆመም። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓሣ ሀብት ሕግ መንገዱን ቀየረው፤ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት የየራሳቸውን የባሕር ክፍል እየተረከቡ፣ በጥናት በተወሰነላቸው ልክ እየለቀሙ እንዲጠብቁ ፈቀደ። ጠባቂውና ለቃሚው አንድ ሰው ሆነ። አባ ቄራ ቢሰማው የሚደንቀው አይመስለኝም።

መከፈት የሌለበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ከላሊበላ በስተሰሜን ይምርሃነ ክርስቶስ በዋሻው ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ከብቦ የቆመው የጽድ ደን ማጭድም መጥረቢያም የማይገባበት ነው፣ እንደዚያው ይቆይ። ሰው ለምሰሶ ሲቆርጥ ቀጥ ያለውን ጽድ መርጦ ይወስዳል፣ ጠማማውን ይተዋል፤ ቀጥ ያለ እናት ዛፍ የቀረልን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ባሕር ላይ የተከለለው ሎኮ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለውን እጭ የባሕሩ ውኃ ወስዶ ከክልሉ ውጭ ይዘራዋል። የጽድን ፍሬ ከቅጥሩ የሚያወጣው ግን ወፍ ነው፤ ወፉ ያወጣውን ቡቃያ ደግሞ ፍየል ይበላዋል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ግንብ እንዲሠራ የደከሙት ለዚህ ነው፤ ከብት በማይገባበት ቦታ ችግኝ ይበቅላል።

አንድ ጊዜ ስለ ልቅ ግጦሽ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ መዝጋቱንስ እኛም እናውቅበታለን» አሉ። «የሚከፈተው መቼ ነው? ሲከፈትስ መጀመሪያ የሚገባው የማን ማጭድ ነው? ከብት የሌላት መበለት ሸክሟን ለማን ትሸጣለች?» ስብሰባውን የመራው ሰው ይህ ወደፊት በደንቡ ይታያል አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። እንደ እኔ ከሆነ ከዕለቱ ንግግር ሁሉ መመዝገብ የነበረበት የአዛውንቱ ጥያቄ ነው፤ በተለይ የመበለቷ። ከብትን በመልቀቅ ፈንታ አጭዶ መመገብ የሚባለው ሥርዓት የሚጠቅመው አጫጅና ከብት ያለውን ቤት ነው፤ ሁለቱም የሌላት ሴት የራሷ ሸክም ድርሻ በስሟ ካልተጻፈላት ተራራው ቢያገግም ለእሷ ያው ነው።

የላሊበላ ክብ የድንጋይ ቤቶች ክዳናቸው እየተለወጠ ቆርቆሮ ሆኗል። ቆርቆሮ ይቀዘቅዛል፣ ይጮሃል፣ ግን በገንዘብ በአንድ ቀን ይገዛል፤ ጓሳ ግን ዓመታት ታግሦ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ጓሳ የማይታጨድበት ጓሳ ሜዳ ደግሞ ጠባቂ ያጣል፣ ከዚያ ወዲያ ገብሱ ሽቅብ ይወጣበታል።

ዘንድሮ በየቀበሌው የተከለሉ ቦታዎችን መተዳደሪያ ደንብ የምታረቅቁ ባልደረቦቼ፣ ከቅጣቱ አንቀጽ በፊት የመክፈቻውን ወር፣ የአንድን ቤት የሸክም ልክና የአቅመ ደካሞችን ድርሻ ጻፉ። ይህን ሳታሰፍሩ ደንቡን ለሕዝብ አታስፈርሙ።